የመጽሐፉ እንግሊዝኛና የጨዋታው እንግሊዝኛ፦ ከአሶሳ እስከ ጉባ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በጉባ ወረዳ፣ ለታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ ወዲህ ስለ ግድቡ ከፍታና ርዝመት፣ ስለሚይዘው ውሃና ስለሚያመነጨው ኃይል ብዙ ተጽፏል። በሥራው ቦታ የተሰበሰቡት ሰዎች በምን ቋንቋ ይጨዋወቱ እንደነበር ግን እምብዛም አልተጻፈም። ሥራ ተቋራጩ የጣሊያኑ ሳሊኒ ነበር፤ በአማካሪነት የቆሙት የጣሊያንና የፈረንሣይ መሐንዲሶች ናቸው፤ የተርባይኑን ሥራ ከያዙት መካከል ፈረንሣዮች፣ ጀርመኖችና በኋላም ቻይናዎች ነበሩበት፤ ባለቤቱና ከሠራተኛው እጅግ የሚበዛው ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነው። የቴክኒክ ሰነዱ፣ ደብዳቤውና ቃለ ጉባኤው በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው ቢፈለግ ማግኘቱ ቀላል አልነበረም።

ኢትዮጵያዊው መሐንዲስ ከዚህ ሥፍራ ሲደርስ እንግሊዝኛ አያውቅም ለማለት አይቻልም። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ያነበበውና የተፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ኮንክሪት ሙቀት ወይም ስለ መሠረቱ ዐለት ስንጥቅ አሥር ገጽ ሪፖርት ጻፍ ቢባል ይጽፋል። ምሳ ሰዓት ላይ ከባዕድ ባልደረባው ጋር ፊት ለፊት ሲቀመጥ ግን አንደበቱ ይያዛል። ስለ ልጆቹ ሊጠይቀው፣ የትናንቱን የኳስ ጨዋታ ሊያነሣበት ይፈልጋል፤ ቃሉ ግን በመጽሐፍ መልክ ይመጣበትና ራሱ ያፍርበታል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ከትዝብት ባላለፈ ነበር። ዳሩ ግን በምሳ ጠረጴዛ ላይ ዝም ማለት የለመደ ሰው በስብሰባ ጠረጴዛም ዝም ይላል፤ በስብሰባ ላይ ዝም ያለ መሐንዲስ ደግሞ እንደተስማማ ይቆጠርና ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። ይህ ዝምታ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ወደ ምዕራቡ ድንበር እንግሊዝኛ የመጣው በሰው አንደበት ሳይሆን በካርታ ላይ ነው። ልዑል ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ዘምተው የቤኒሻንጉልን ምድር ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ባስገቡ ጊዜ በአሶሳ አካባቢ የሕዝቡ ቋንቋ በርታ፣ የገበያና የጽሕፈት ቋንቋው ደግሞ ዓረብኛ ነበር። ስማቸው የገነነው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰንን የመሳሰሉት የአካባቢው ገዥዎች ከሱዳን ነጋዴ ጋር ሲዋዋሉ ዓረብኛው ይበቃቸዋል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን የድንበሩን ውል የተፈራረሙት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። በዐባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ስለሚሠራ ሥራ የሚናገረው ሦስተኛው አንቀጽ ከመቶ ዓመት በኋላ ሕግ ዐዋቂዎችንና የግድብ ባለሙያዎችን ሲያከራክር ኖሯል። ድንበሩን በማግሥቱ ዓመት በምድር ላይ የከለለው ሜጀር ቻርልስ ግዊን የእንግሊዝ የመሐንዲስ ጦር መኰንን ነበር። እንግሊዝኛን ይዞ በዚያ በረሃ የዞረው መሐንዲስ መሆኑ የሙያ ባልደረቦችን ሊያስደስት ይችላል፤ ይሁን እንጂ ሰውየው መስመሩን ለክቶ ሄደ እንጂ ቋንቋውን ለማንም አላወረሰም።

ከድንበሩ ማዶ፣ በኩርሙክ በኩል፣ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ የእንግሊዝ አስተዳደር ሰፍኖ ነበር። ቢሆንም ወሰኑን ተሻግሮ ከነጋዴው ጋር የሚመጣው ዓረብኛው ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከፋሺስቱ ጦር ያስለቀቀው የተባባሪዎቹ ሠራዊት እንኳ ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣ ነበር፤ መኰንኖቹ ፈረንሳይኛ፣ ወታደሮቹ ሊንጋላ ይናገራሉ። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ይቀልዳል።

በአዲስ አበባም ቢሆን የእንግሊዝኛ ዕድሜ ከሚገመተው ያነሰ ነው። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ያስተምር የነበረው ከፈረንሳይኛ፣ ከጣሊያንኛና ከዓረብኛ ጋር ጎን ለጎን ነው፤ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈትም ከባዕድ ቋንቋ የበላይነቱ የፈረንሳይኛ ነበር። የምድር ባቡሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበርና «ለገሃር» የሚለው ስም እስከ ዛሬ ይመሰክራል። ከነጻነት በኋላ ግን ሚዛኑ ተገለበጠ። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ ከአማርኛው ጎን እንግሊዝኛውን አሰለፈ፤ ከፍ ያለው ትምህርትም በእንግሊዝኛ ሆነ። ስለዚህ ቋንቋው ወደ አገር የገባው በሕግና በፈተና በር ነው። በገበያ በር፣ በጎረቤት በር፣ በጨዋታ በር አልገባም።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቋንቋውን ያስተማሩት በአብዛኛው እንግሊዞች አለመሆናቸው ነው። እርግጥ ብሪቲሽ ካውንስል ነበረ፤ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም ነበረ። ነገር ግን በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያቋቋሙት የካናዳ ኢየሱሳውያን ሲሆኑ፣ መሪያቸው ዶክተር ሉሲያን ማት አፋቸውን የፈቱት በፈረንሳይኛ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተውን የሕንፃ ኮሌጅ ያቋቋሙትና ያስተማሩበት ስዊድኖች ናቸው። በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ባዕዳን መካከል ሕንዶች እጅግ ብዙ ነበሩ። ከቀደምት የአገራችን መሐንዲሶች ብዙዎቹ የእነዚህ ሰዎች ደቀ መዛሙርት ናቸው፤ ውለታቸውም የሚዘነጋ አይደለም። ሆኖም መምህሩ ራሱ ቋንቋውን በትምህርት ያገኘው እንደመሆኑ መጠን ለተማሪው ሊያወርሰው የሚችለው የመጽሐፉን፣ የጥቁር ሰሌዳውንና የፈተናውን እንግሊዝኛ ነበር።

የዚያን ትምህርት ጠባይ የሚያውቅ ያውቀዋል። መምህሩ ሲገባ ተማሪው ከመቀመጫው ተነሥቶ በአንድ ድምፅ ሰላምታ ይሰጣል። «ሃው ዱ ዩ ዱ?» ለሚለው መልሱ ያው ጥያቄው ራሱ መሆኑን በቃሉ ያጠናል። ይህ ለኢትዮጵያዊ አእምሮ ከባድ ነገር ነው፤ ምክንያቱም «እንዴት ሰነበትክ» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ፈጣሪውን አመስግኖ፣ የጠያቂውን ቤተ ሰብ፣ ከብቱንና አዝመራውን ሳይጠይቅ ቢያልፍ ባለጌ ይባላል። በእንግሊዝኛው ግን ጥያቄው ጥያቄ አይደለም። ይህን ልዩነት የሰዋስው መጽሐፍ አይናገርም። ከዚያ በኋላ ተማሪው ወደ ፈሊጥ ይዘልቅና ብርቱ ዝናብን በድመትና በውሻ የሚመስለውን የቆየ አባባል ያጠናል፤ ዕድሜ ልኩን የሚጠብቀው ግን ያን ፈሊጥ የሚናገርበት ዝናብ እንጂ ሰው አይደለም።

በ1955 ዓ.ም. መባቻ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ሲመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዛት ያለው የጨዋታ እንግሊዝኛ ወደ ክፍለ አገሩ ወጣ። አብዛኞቹ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጡ ወጣቶች ነበሩ፤ በትንንሽ ከተሞች ቤት ተከራይተው፣ እንጀራ በልተው፣ ከጎረቤት ጋር ቡና ጠጥተው ኖሩ። ተማሪው «ጉድ ሞርኒንግ ሰር» ሲል መምህሩ «ሃይ» ብሎ ይመልስለት ጀመር። አንዳንድ ወላጅ ይህን እንደ ሥርዓት ማጣት ቆጥሮት ይሆናል፤ ተማሪው ግን እንግሊዝኛ ሳቅም እንዳለበት ያወቀው ያን ጊዜ ነው። በ1969 ዓ.ም. ጓዱ ከአገር ሲወጣ ያ በር ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በመጣው ትውልድ እጅ የቀረው እንደገና መጽሐፉ ብቻ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች የገባው የፕላዝማ ትምህርትም እንግሊዝኛን በድምፅና በሥዕል አመጣ፤ ይሁን እንጂ ቴሌቪዥን ይናገራል እንጂ መልስ አይሰማም።

ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት ግን በአገራችን ሁልጊዜ ነበረ፤ እርሱም የሥራ ቦታ ነው። በግንባታ ላይ የዋለ ሁሉ «ፌሮ»፣ «አርማታ»፣ «ላሜራ»፣ «ሞራሌ»፣ «ሊሾ»፣ «ካቦ» ይላል። እነዚህ ሁሉ ጣሊያንኛ ናቸው፤ ማንም በክፍል ውስጥ አላስተማራቸውም። በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካኖች ርዳታ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ደግሞ «ግሬደር»፣ «ዶዘር»፣ «ሎደር»፣ «ኦፕሬተር» መጡ። ሰዋስው የማያውቀው የቀን ሠራተኛ ቃሉን ከነዕቃው ተቀበለ፤ እንዳስፈለገውም በአማርኛ አረባው። የተማረው ሰው ግን እንዳይሳሳት ይፈራልና አይደፍርም። የቋንቋን ነገር ከተማረው ይልቅ ያልተማረው የሚቀድምበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወደ አሶሳ እንመለስ። ከአዲስ አበባ ወደ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ ሌላው አገር በመቶ ዓመት ያየውን የቋንቋ መደባለቅ ያየችው በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ነው። በ1971ና በ1972፣ ደግሞም በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌላም ክፍለ አገር የመጡ ሠፋሪዎች በአካባቢዋ ሲሠፍሩ አማርኛው በረታ። በመተከል በኩል፣ በፓዌ፣ የጣና በለስ ፕሮጀክት በ1978 ዓ.ም. ሲጀመር ሥራውን የያዘው ያው ሳሊኒ ነበርና ጣሊያንኛ ተሰማ። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ስደተኞች ወደ አሶሳ ዞን ገቡ፤ በ1989 ዓ.ም. የሸርቆሌ፣ በ2004 ዓ.ም. የባምባሲ ጣቢያ ተከፈተ። በሸርቆሌ ከሱዳኖቹ ሌላ ከኮንጎ ድረስ የመጡም ተጠለሉ። ከስደተኛው ጋር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና ሌሎች የርዳታ ድርጅቶች መጡ፤ ከእነርሱም ጋር እንግሊዝኛ። የአሶሳ ወጣት በመጋዘን ጠባቂነት፣ በአስተርጓሚነትና በሾፌርነት ሲቀጠር በአንድ ቀን ውስጥ ከበርታ ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይመላለሳል። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛን በክፍል ሲያስተምር፣ ከከተማው ወጣት ጥቂት የማይባለው ቋንቋውን በመኪና ላይ አስቀድሞ ጀምሮት ነበር።

የዓረብኛው ነገር ከተነሣ አንድ ነጥብ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ግድቡን እንዲመረምር በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳንና ከግብፅ ሁለት ሁለት፣ ከሌላም ዓለም አራት አባላት ነበሩት፤ ሪፖርቱን በግንቦት 2005 ዓ.ም. ያስረከበውም በእንግሊዝኛ ነው። በእንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ የተቀመጠ ሁሉ እንደሚያውቀው ግማሹ ነገር የሚያልቀው በሻይ ሰዓት ነው። የሻይ ሰዓት ሲደርስ ሱዳናዊውና ግብፃዊው በአፍ መፍቻቸው ይጫወታሉ፤ ኢትዮጵያዊው ግን የቀረው መንገድ የጨዋታው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ያ ዓረብኛ ግን በአሶሳ ገበያ ማንም ቅመም ሻጭ የሚናገረው ነው! ከአዲስ አበባ ሲታይ የድንበሩ ሰው ቋንቋ እንደ ቴክኒክ ሀብት አለመቆጠሩ ያስቆጫል።

ወደ ግድቡ ሲመጣ የጨዋታ እንግሊዝኛ ምን ያህል ከሥራው ጋር የተጣበቀ መሆኑ ይገለጣል። ከሁሉ አስቀድሞ «እሺ» የሚለው ቃላችን አለ። «እሺ» ሰማሁ ማለት ይሆናል፣ ተስማማሁ ማለት ይሆናል፣ እንዳላስከፋህ ብዬ ነው ማለትም ይሆናል። ኢትዮጵያዊው ይህን ሁሉ ተሸክሞ «የስ» ይላል፤ ባዕዱ የሚሰማው ግን ተስማማሁ የሚለውን ብቻ ነው። አንዳንዴም ቃል ሳናወጣ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስበን እሺታችንን እንገልጻለን፤ ይህን መጀመሪያ የሰማ ባዕድ ሰውየው ደንግጧል ብሎ ያስባል። ስምም እንዲሁ ያደናግራል። በባዕድ ልማድ የአባት ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም ይቆጠርና መሐንዲሱ በስብሰባ ላይ በአባቱ ስም ይጠራል፤ አባቱ የተጠሩ መስሎት ዝም ቢል አይፈረድበትም።

ከዚህ የሚከብደው በዝቅተኛ ድምፅ የሚነገረው ትልቅ ነገር ነው። እንግሊዝ ወይም የእንግሊዝን አነጋገር የተማረ አማካሪ በአንድ ንድፍ ላይ «ትንሽ ስጋት አለኝ» ካለ ንድፉን አልቀበለውም ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ «ኖት ባድ» ካለ ግን እያመሰገነ ነው። መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው ሁለቱንም ገልብጦ ይረዳቸዋል። በሰምና ወርቅ ላደገ ሕዝብ ግን ይህ እንግዳ ሊሆን ባልተገባ ነበር፤ ወርቁ በባዕድ ቋንቋ ሲመጣ አናየውም እንጂ ጥበቡስ የራሳችን ነው። የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸውም ከዚህ ችግር አላመለጡም። «ቴብል» የሚለው ግስ ለእንግሊዙ ጉዳዩን አሁኑኑ ለውይይት ማቅረብ ሲሆን፣ ለአሜሪካዊው ጉዳዩን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሁለቱ አገር ሹማምንት በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ብዙ መከራከራቸውን ዊንስተን ቸርችል ጽፈውታል፤ ሁለቱም ወገኖች ይፈልጉ የነበረው አንድ ነገር መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው።

ቀለል ያለ አነጋገር የት ቦታ ላይ ቀለል ማለት እንደሌለበት የሚያስተምረው ደግሞ የአቪዬሽን ሙያ ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በካናሪ ደሴቶች፣ በቴነሪፍ፣ የሆላንዱ ኬ ኤል ኤምና የአሜሪካው ፓን አም አውሮፕላኖች በመንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። የሆላንዱ ረዳት አብራሪ ልንነሣ ነው ወይስ እየተነሣን ነው ማለቱ በማይለይ እንግሊዝኛ ተናገረ፤ የመቆጣጠሪያ ማማው ስፔናዊ «ኦኬ» ብሎ ጀመረ፤ ቆዩ የሚለው ቀጣዩ ቃሉ በራዲዮ ጩኸት ተዋጠ። ሁለቱም እንግሊዝኛ ያውቁ ነበር፤ ለሁለቱም ግን የአፍ መፍቻቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በአየር ላይ የሚነገረው ቃል የበለጠ ተወስኖ ተደነገገ። በክሬን ሥር፣ በድማሚት አጠገብ፣ በውሃ መዝጊያ በር ላይ የሚሠራ መሐንዲስም ከዚህ የሚማረው አለ፦ የጨዋታው እንግሊዝኛ ቦታው ከሥራው በፊትና ከሥራው በኋላ ነው፤ በትእዛዙ መካከል አይደለም።

ታዲያ እንዲህ ያለው ቋንቋ እንዴት ይለመዳል? በጉባ መሰል ሥራ ቦታ የሚሆነውን ያየ ሰው በፈሊጥ ዝርዝር እንዳልሆነ ይመሰክራል። ጣሊያናዊውም፣ ፈረንሣዊውም፣ ኢትዮጵያዊውም በሁለተኛ ቋንቋቸው ሲነጋገሩ የለንደን ፈሊጥ ለማንም አይጠቅምም፤ ድመትና ውሻ እየዘነበ ነው ቢባል ሰማይ ቀና ብሎ የሚያየው ይበዛል። የሚጠቅሙት እጅግ አጫጭሮቹ ናቸው፤ «ሃንግ ኦን» ብሎ ሰውን ማቆየት፣ «ዩ ሚን…» ብሎ የሰሙትን መልሶ መጠየቅ፣ «ፌር ኢናፍ» ብሎ በከፊል መቀበል፣ «አይ አም ኖት ሹር» ብሎ ፊት ሳያጠቁሩ መቃወም። ከእነዚህ የመጨረሻዋ ብቻ በደንብ ብትለመድ ሳይስማሙ የተፈረሙ ስንት ቃለ ጉባኤዎች በቀሩ ነበር። መግቢያው በር ደግሞ ብዙ ጊዜ ኳስ ነው። በሻይ ቤት ቴሌቪዥን የእንግሊዝን ሊግ የማይከታተል ወጣት በአሶሳም በሌላም ከተማ ጥቂት ነው፤ ከጣሊያን ጋር ወሬ ለመጀመር ከኳስ የሚሻል ርእስ አይገኝም። አሮጌዎቹ የጣሊያንኛ ቃላትም ባልታሰበ መንገድ ውለታ ይከፍላሉ፤ ኢትዮጵያዊው ፎርማን «ፌሮ» ሲል ጣሊያናዊው ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል።

የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ሕይወታቸው እስካለፈበት ጊዜ ድረስ፣ ከዓለም ዙሪያ ለመጡ ጋዜጠኞች ግድቡን በእንግሊዝኛ እየዞሩ ያስረዱ ነበር። ጋዜጠኛ የሚጠይቀው እንደ ፈተና ወረቀት አይደለም፤ ያቋርጣል፣ ይመለሳል፣ ያልታሰበውን ያነሣል። ለዚህ መልስ የሚሰጥ ሰው ቋንቋውን ከመጽሐፍ ብቻ ሊያገኘው አይችልም። የረጅም ዓመት የግድብ ሥራ ያስተማረው ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው 13 ተርባይኖች የተተከሉበት ግድብ ተመረቀ። ባዕዳኑ ሥራቸው ባለቀ መጠን ወደየአገራቸው ተመልሰዋል፤ የአሠራር መመሪያውና በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ የሚበራው ጽሑፍ ግን እንግሊዝኛ ነው። ከፊቱ ተቀምጠው በፈረቃ የሚሠሩት ወጣቶች የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው፤ አማርኛቸውም «ትሪፕ አደረገ»፣ «ሪሴት አድርገው»፣ «ስታንድባይ ላይ ነች» የሚል ነው።